የአላስካው ውዝግብ፦ የአውሬና የሰው ወይስ የሰውና የሰው?

በሰሜን አሜሪካ የመጨረሻ ጫፍ፣ በአላስካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ ዛፍ የማይበቅልበትና አብዛኛውን ዓመት በበረዶ ተሸፍኖ የሚኖር አንድ ሜዳ አለ። ስፋቱ ከ600 ሺህ ሔክታር ጥቂት ይበልጣል። ይህ ሜዳ ከአርባ ዓመታት በላይ የአሜሪካን ኮንግረስ ለሁለት ከፍሎ ሲያሟግት ኖሯል። አንደኛው ወገን «ከሥሩ ያለው ነዳጅ ይቆፈር» ሲል ሌላው «በላዩ የሚወለደው እንስሳ ይጠበቅ» ይላል። ጉዳዩ በጋዜጦችና በምርጫ መድረኮች ሲነሣ «የሰው ኑሮ ይቅደም ወይስ የአውሬ?» በሚል ቀላል ጥያቄ ተጠቅልሎ ይቀርባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው በዚህ መልክ መቅረቡ ራሱ የተሳሳተ መሆኑን፣ እውነተኛውም ቅራኔ በሰውና በሰው መካከል ያለ የጥቅምና የውሳኔ ባለቤትነት ቅራኔ መሆኑን ማሳየት ነው።

በቅድሚያ የነገሩን አመጣጥ መመልከት ያስፈልጋል። ሥፍራው ለዱር አራዊት ጥበቃ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1960 በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመነ ሥልጣን ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ ከዚሁ ክልል በስተምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በፕሩዶ ቤይ በአሜሪካ ታሪክ ከታዩት ሁሉ ትልቁ የነዳጅ ዘይት ክምችት ተገኘ። በ1977ም 1,287 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የማስተላለፊያ ቧንቧ ተዘርግቶ ዘይቱ በደቡብ ወደሚገኘው የቫልዴዝ ወደብ መፍሰስ ጀመረ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ኩባንያዎቹ ዓይናቸውን በምሥራቅ በኩል ባለው ሜዳ ላይ ጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት የአላስካ መሬት ሕግ የአርክቲክን ብሔራዊ የዱር አራዊት መጠለያ ከ7 ሚሊዮን ሔክታር በላይ እንዲሆን አሰፋው። ይሁን እንጂ የጠረፉን ሜዳ በሚመለከት ሕጉ በአንቀጽ 1002ና 1003 አንድ አስገራሚ ነገር ደነገገ። ቁፋሮውን ኮንግረሱ ካልፈቀደ በቀር ከልክሎ፣ ለወደፊቱ የሚፈቀድበትን በር ደግሞ ክፍት አድርጎ ተወው። በሌላ አነጋገር ሜዳው የተጠበቀም የተሸጠም ሳይሆን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ የታየው ንትርክ ሁሉ የዚህ የግማሽ ውሳኔ ልጅ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የንትርኩ ታሪክ ባጭሩ የሚከተለውን ይመስላል። በ1987 የሬገን አስተዳደር ሜዳው ለቁፋሮ እንዲከራይ ለኮንግረሱ ሐሳብ አቀረበ። በማርች 1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ ከድንጋይ ጋር ተላትማ ወደ 11 ሚሊዮን ጋሎን የሚጠጋ ድፍድፍ ዘይት በአላስካ ባሕር ላይ በማፍሰሷ ሐሳቡ ለጊዜው ተዳፈነ። በ1995 ኮንግረሱ ፈቃዱን በበጀት ሕግ ውስጥ ቢያስገባም ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሕጉን ውድቅ አደረጉት። በ2005 ከመከላከያ በጀት ጋር ተጣብቆ ቀረበና በሴኔት ወደቀ። በ2017 ግን በግብር ቅነሳ ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ አለፈ። ቀጥሎ የመጣው አስተዳደር ሥራውን በ2021 አገደ፤ የኪራይ ውሎቹንም በ2023 ሰረዘ። በ2025 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ስረዛው ሕጋዊ አይደለም ሲል ወሰነ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት ጨረታዎች እንዲካሄዱ አዘዘ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይሏል እንዲህ ያለው ነው።

በዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ቁም ነገር አንድ ነው። የነዳጁ ጥያቄ አንድም ጊዜ ራሱን ችሎ፣ የሜዳው ነዋሪዎች ድምፅ ተሰምቶበት፣ የመጨረሻ እልባት አላገኘም። አንዴ በበጀት፣ አንዴ በመከላከያ፣ አንዴ በግብር ሕግ ጀርባ ላይ ታዝሎ ሲያልፍ ወይም ሲወድቅ ኖሯል።

ለመሆኑ ነዋሪዎቹ እነማን ናቸው? ከሜዳው በስተደቡብ፣ ከተራራው ባሻገር፣ በአላስካና በካናዳ በተበተኑ 15 ያህል መንደሮች የግዊቺን ሕዝብ ይኖራል። ቁጥሩ 9 ሺህ ያህል ይገመታል። የዚህ ሕዝብ ኑሮ ካሪቡ በሚባለው የአጋዘን ወገን ላይ የተመሠረተ ነው። ሥጋው ቀለቡ፣ ቆዳው ልብሱ፣ አጥንቱ መሣሪያው ሆኖ ኖሯል። የፖርኪዩፓይን መንጋ ተብሎ የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ2017 በተደረገው ቆጠራ 218 ሺህ ያህል የደረሰው የካሪቡ መንጋ በየዓመቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ በዚሁ የጠረፍ ሜዳ ላይ ይወልዳል። ሥፍራውን የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በረዶው ሲቀልጥ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ሣር የእናቲቱን ወተት ያበዛል፤ ተኩላና ድብ ከተራራው ይልቅ በሜዳው ላይ ያንሳሉ፤ ከባሕሩ የሚነፍሰው ነፋስም ጥጃውን ከሚያሠቃየው የትንኝ መንጋ ያድነዋል። ግዊቺኖች ይህን ሥፍራ በቋንቋቸው ሕይወት የሚጀመርበት የተቀደሰ ቦታ ይሉታል። በ1988 ከሁለቱም አገሮች የመጡ የመንደር ተወካዮች አርክቲክ ቪሌጅ በተባለው መንደር ተሰብስበው ቁፋሮውን በአንድ ድምፅ ለመቃወም የወሰኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሜዳው ላይ ደግሞ፣ በባሕሩ ዳር፣ ካክቶቪክ የተባለች የኢኑፒያት ሕዝብ መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ከ300 አይበልጡም። የመንደሯ ታሪክ የሚያሳዝን ነው። ከ1947 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ለወታደራዊ ተቋማት ሲባል ሦስት ጊዜ ከቦታዋ ተነሥታለች። ያለችበት መሬት ለአራዊት ጥበቃ ሲከለል ያማከራቸው እንዳልነበረ ነዋሪዎቿ ይናገራሉ። ከነዳጅ በፊት በአካባቢው ያሉ ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከወላጆቻቸው ተለይተው ወደ ሩቅ ሥፍራ ይላኩ ነበር። ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ የቧንቧ ውኃው የመጣው በ1972 የተቋቋመው የአካባቢው አስተዳደር በነዳጅ ተቋማት ላይ ግብር መጣል ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ ከካክቶቪክ መሪዎች ብዙዎቹ ቁፋሮውን ይደግፋሉ። ይህን አቋም በጥቅም መገዛት ብሎ ማውገዝ በሞቀ ቤት ተቀምጦ ብርድ የሚያንገላታውን ሰው መምከር ነው።

እንግዲህ የሁለቱን ሕዝቦች ሁኔታ ጎን ለጎን አድርጎ ለተመለከተ አስተዋይ «አውሬ ወይስ ሰው» የሚለው ጥያቄ ባዶነቱ ይገለጥለታል። በአንድ በኩል ካሪቡ ለግዊቺን ሰው ነው፤ ማለትም ምግቡ፣ ባህሉና ህልውናው ነው። በሌላ በኩል ነዳጅ ለካክቶቪክ እናት ነዳጅ ሳይሆን የልጅዋ ክሊኒክ ነው። ሁለት ነባር ሕዝቦች ፊት ለፊት የቆሙት ተፈጥሮ ስላጣላቸው አይደለም። በዓለም ከበለጸጉት አገሮች አንዱ ለዜጎቹ ሊያቀርበው የሚገባውን ውኃና ትምህርት ከበርሜል ጋር ስላሰረው ነው። ክሊኒክን የነዳጅ ጉድጓድ ልጅ ያደረገ ሥርዓት ክሊኒክ የሚፈልገውን ሁሉ የጉድጓድ ጠበቃ ያደርገዋል። የቅራኔው ሥር ይህ ነው።

የቁፋሮው ደጋፊዎች የሚያቀርቧቸው ነጥቦች በዝምታ የሚታለፉ አይደሉም። አንደኛው «በፕሩዶ ቤይ ነዳጅና ካሪቡ አብረው ኖረዋል» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፤ በዚያ ያለው መንጋ በ1970ዎቹ ከነበረበት ከ5 ሺህ ገደማ ተነሥቶ በ2010 ወደ 70 ሺህ ተጠግቶ ነበር። ግን ያው መንጋ በ2016 ወደ 23 ሺህ ዝቅ ማለቱ አብሮ መነገር አለበት። ለዚህ ማሽቆልቆል ነዳጁን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ እንደማይቻል ሁሉ ለቀደመው ዕድገትም ነዳጁን ማመስገን አይቻልም። ዋናው ልዩነት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። በፕሩዶ ቤይ ሜዳው ሰፊ በመሆኑ የሚወልዱት ላሞች ከመንገዱና ከቧንቧው ሸሽተው ሌላ ሥፍራ አገኙ። በመጠለያው ውስጥ ግን ተራራው ወደ ባሕሩ ተጠግቶ ሜዳውን አጥብቦታል። ከዚያ የሸሸ መንጋ የሚሄደው ተኩላው ወዳለበት ተራራ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ «የሚነካው መሬት ጥቂት ነው» የሚል ነው። የ2017ቱ ሕግ ለማምረቻና ለተጓዳኝ ሥራ የሚያዘውን መሬት በ800 ሔክታር ያህል ወስኗል። ነገር ግን 800 ሔክታር በአንድ ቦታ የተከመረ መሬት አይደለም። በሜዳው ላይ እንደ መረብ የሚዘረጋ የመንገድ፣ የቧንቧ፣ የአውሮፕላን ማረፊያና የጉድጓድ ድምር ነው። የዓሣ አጥማጅ መረብ ክሩ ብቻውን ቢመዘን ቀላል ነው፤ ዓሣውን የሚይዘው ግን የክሩ ክብደት ሳይሆን የመረቡ ስፋት ነው።

ሦስተኛው የሥራ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ቲምስተርስ የተባለው ታላቅ የሠራተኞች ማኅበር ከነዳጅ ኩባንያዎች ጎን ተሰልፎ ለቁፋሮው ተከራክሯል። ሠራተኛ ሥራ መፈለጉ የሚያስወቅሰው አይደለም። ይሁንና በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ዘይት በ1988 በቀን ወደ 2 ሚሊዮን በርሜል ደርሶ የነበረው በ2020ና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከ500 ሺህ በታች ወርዷል። እየነጠፈ ባለ ጉድጓድ ላይ ሌላ ነጣፊ ጉድጓድ መጨመር ሠራተኛውን ለጥቂት ዓመታት ያቆየዋል እንጂ ዋስትና አይሰጠውም።

ስለ ሀብቱ መጠንም ቢሆን እውነቱ ይነገር። የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም በ1998 ባወጣው ግምት በአካባቢው በቴክኒክ ሊወጣ የሚችለው ዘይት ከ5.7 እስከ 16 ቢሊዮን በርሜል ሲሆን አማካዩ 10.4 ቢሊዮን ነው። ቁጥሩ ሲሰሙት ያስደነግጣል። ግን ዓለም በቀን 100 ሚሊዮን በርሜል ያህል እንደሚፈጅ ስናሰላ አማካዩ ግምት የዓለም የመቶ ቀናት ፍጆታ ሆኖ ይገኛል። ይህም ግምት ነው፤ በ1986 በዚያው ሜዳ ላይ በነባሩ ሕዝብ መሬት የተቆፈረው ብቸኛ የሙከራ ጉድጓድ ውጤት በይፋ ሳይገለጥ ለአሥርት ዓመታት ምሥጢር ሆኖ ቆይቷል።

ገበያው ራሱ የሰጠው ፍርድ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። በ2017 ሕጉ ሲጸድቅ ከኪራዩ ለፌዴራሉ ግምጃ ቤት ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚገኝ ተነግሮ ነበር። በጃንዋሪ 2021 የመጀመሪያው ጨረታ ሲከፈት ግን የተገኘው በጠቅላላ 14.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ ሆነ። ከታላላቆቹ ኩባንያዎች አንድም አልመጣም። ዋናው ተጫራች የአላስካ ግዛት የራሱ የልማት ድርጅት ነበር። አብረው የተጫረቱት ሁለት ትናንሽ ኩባንያዎችም በ2022 ውላቸውን መለሱ። በጃንዋሪ 2025 ሁለተኛው ጨረታ ሲዘጋ አንድም ተጫራች አልቀረበም። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይህን ነው። የግል ካፒታል በገዛ ገንዘቡ ሊደፍረው ያልፈለገውን ሥራ የሕዝብ ገንዘብ ሲደፍረው ማየት፣ አደጋው ለሕዝብ፣ ትርፉ ቢገኝ ለኩባንያ መሆኑን ያመለክታል።

በሌላው ወገን ያሉት የአራዊት ተቆርቋሪዎችም ከሂስ አያመልጡም። ብዙዎቹ በየከተማቸው የካሪቡንና የነጭ ድቡን ሥዕል ይዘው ሲቀሰቅሱ ሜዳውን ሰው ያልረገጠው ምድረ በዳ አድርገው ያቀርባሉ። ይህ አነጋገር ሁለቱንም ሕዝቦች ከካርታው ይፍቃል። ኢኑፒያቱ «እኛስ?» ብሎ ሲጠይቅ ሥዕሉ መልስ የለውም። ሰውን ያላካተተ የተፈጥሮ ጥበቃ ጠላቱን በገዛ እጁ ይፈጥራል፤ በካክቶቪክ የታየውም ይኸው ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት መፍትሔው በአንቀጽ 1002 የተጀመረውን የግማሽ ውሳኔ ሙሉ ማድረግ ነው። የመውለጃው ሜዳ በምርጫ ውጤት እንዳይወዛወዝ በሕግ ለዘለቄታው ሊዘጋ ይገባል። ግን መዝጋቱ ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። በዚያው ሕግ የካክቶቪክ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውኃ ካልተቆፈረ ጉድጓድ ተስፋ ተላቆ ቋሚ በጀት ሊያገኝ ይገባዋል። ገንዘብ የለም ማለት አይቻልም። የአላስካ ግዛት ከነዳጅ ገቢው እየቀነሰ በ1976 ያቋቋመው ቋሚ የሕዝብ ፈንድ ከ1982 ጀምሮ ለየነዋሪው በየዓመቱ የጥቅም ድርሻ ሲያከፋፍል ኖሯል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ በርሜሎች ከምድራቸው ሲወጡ ላዩ ኢኑፒያት ከዚያ ከወጣው ሀብት ድርሻቸውን መጠየቅ መብታቸው ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም።

መንጋው ድንበር የማያውቅ በመሆኑም ውሳኔው የአንድ ምክር ቤት ብቻ ሊሆን አይችልም። አሜሪካና ካናዳ በ1987 ይህን የካሪቡ መንጋ በጋራ ለመጠበቅ የተፈራረሙት ስምምነት በሥራ ላይ ይዋል ከተባለ ካናዳ ከድንበሩ ወዲያ በራሷ በኩል ያለውን የመውለጃ ምድር ብሔራዊ ፓርክ አድርጋ እንደከለለችው ሁሉ ወዲህ ያለውም እኩል ጥበቃ ይገባዋል።

እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ከዚያ ሜዳ አንድ በርሜል ዘይት ለገበያ አልወጣም። ካሪቡም በየፀደዩ መውረዱን አላቆመም። ይህ ግን የጥበቃው ድል ሳይሆን የዋጋና የጊዜ ዕድል ነው። ዋጋው የወጣ ዕለት፣ ዕድሉም የተለወጠ ዕለት፣ ሁለቱ ሕዝቦች እንደገና ፊት ለፊት እንዲቆሙ ይደረጋሉ። የአንዱ ልጅ ክሊኒክ የሌላው ልጅ ማዕድ ሲሳ የማይሆንበትን ሕግ ማውጣት እስካልተቻለ ድረስ «አውሬ ወይስ ሰው» የሚለው መፈክር እውነተኛውን ጥያቄ መሸፈኛ መጋረጃ ሆኖ ይኖራል። መጋረጃው ሲገለጥ ከበስተጀርባው የሚገኘው ጥያቄ ይህ ነው፤ በምድሪቱ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ስለ ምድሪቱ የሚወስነው መቼ ነው?