ፀጉር ሠሪዋ ቀለበቷን ብታወልቅ ምን አለበት?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፈተናም ስለ ደመወዝም አይደለም፤ ስለ ፀጉር ሠሪዎች ጣት ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

ካስተማርኳቸው ልጆች ውስጥ ፀጉር ቤት ገብተው ሙያዬ ብለው የያዙት ብዙ ናቸው። መንገድ ላይ ተገናኝተን ስንጨባበጥ የአንዳንዶቹ እጅ ያሳዝናል። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ በቀለበቱ ዙሪያ ደግሞ ቀልቶ ያሳክካል። "ቲቸር፣ ሻምፖው ነው" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግን ቀለበቱም አለበት።

ኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆንኩ በዚያው ላስረዳ። ሻምፖና ቀለም እጅ ላይ ቢፈስ በውሃ ይታጠባል። ቀለበት ስር የገባው ግን እዚያው ተዘግቶ ይቀራል፣ ቀኑን ሙሉ ቆዳውን ሲበላው ይውላል። ሪላክሰር ደግሞ ብዙው ኃይለኛ ቤዝ ነው። የደንበኛን የራስ ቆዳ የሚያቃጥል ነገር ጣት ላይ ታፍኖ ሲቆይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። "ጓንት አለ አይደል?" ትሉ ይሆናል። ፈርጥ ያለው ቀለበት እኮ ጓንቱንም ይቀደዋል።

አርቴፊሻሉ የራሱ ጣጣ አለው። ርካሽ ጌጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኒኬል አለ። ላብና እርጥበት ሲነካው ቀስ በቀስ ወደ ቆዳ ይለቀቃል። የኒኬል አለርጂ አንዴ ከያዘ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ አይለቅም። የአውሮፓ ኅብረት ቆዳ በሚነካ ጌጥ ላይ የኒኬል ገደብ ያወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ጀርመን ውስጥማ የፀጉር ሠሪዎች የሥራ ደህንነት ደንብ በሥራ ሰዓት እጅና ክንድ ላይ ጌጥ እንዳይደረግ ይላል።

ብርም ቢሆን አያመልጥም። ፐርም ማድረጊያው ውስጥ ድኝ ያለበት ውህድ ስላለ ያጠቁረዋል።

ደንበኛዋንም አትርሱ። ሹሩባ ስትሠራ ፀጉሩ ፈርጡ ላይ ይጠመጠምና ይነጫል። ረጅም ሀብል ጎንበስ ባለች ቁጥር ሰው ፊት ላይ ይወዛወዛል። አምባሩ የማድረቂያውን ገመድ ይይዛል።

ታዲያ ለምን አያወልቁም? አንደኛ፣ ባለ ፀጉር ቤቶቹ "ውበት የምትሸጥ ሰው ራሷ ማጌጥ አለባት" ይላሉ። ሁለተኛ፣ የጋብቻ ቀለበት ከወለቀ ወሬው አያድርስ ነው። ባል ይቀየማል፣ ሰፈር ይጠይቃል፣ አጉል ወንድም ይዳፈራል። ሦስተኛ፣ አውልቃ የት ታስቀምጠው? መስኮት ላይ ያስቀመጡት ወርቅ ማታ ላይገኝ ይችላል።

እኔ የምለው ይሄ ነው። ጌጥ ይቅር አላልኩም፤ ከእጅ ላይ ይነሳ ነው ያልኩት። ጆሮ ላይ ልጥፍ የምትል ትንሽ የወርቅ ጉትቻ ማንንም አትነካም፣ ታምራለችም። አጭር ሀብል ከልብስ ስር ይሁን፤ የጋብቻ ቀለበቱም እሱ ላይ ይንጠልጠል። ከአንገቷ ሳይለይ ይውላል፣ ማታ እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ቅባት ተቀብታ መልሳ ታጠልቀዋለች።

ባለ ፀጉር ቤቶች፣ ለሠራተኞቻችሁ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ስጧቸው። ከአንድ ካስክ ዋጋ ጋር እንኳ አይወዳደርም። ባሎች ደግሞ፣ ሚስታችሁ ሥራ ቦታ ቀለበቷን ብታወልቅ ትዳሯን አላወለቀችም። ጋራዥ የሚሠራ ወንድ ቀለበቱን አውልቆ ሲውል ማን ምን ይለዋል?

ቀለበት ቢጠፋ፣ ያውም በዛሬ የወርቅ ዋጋ፣ ተጨንቆም ቢሆን ይገዛል። እጇ በአለርጂ ከተያዘ ግን ስንት ዓመት የለፋችበትን ሙያ ጥላ መውጣቷ ነው። ለእሷ እንጀራዋ ጣቷ ነው።

ፀጉር ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የምታውቋት ፀጉር ሠሪ ካለችም አስነብቧት።