የፖሊስን ትዕዛዝ ጥሰው የሚሸሹ ደጋጋሚ አጥፊ አሽከርካሪዎች፦ ቅጣቱ ምን ያህል ይክበድ?

የትራፊክ ፖሊስ እንዲቆም ምልክት ሲሰጠው ፍጥነት የሚጨምር ወይም ሰው ገጭቶ ከስፍራው የሚሰወር አሽከርካሪ በሁለት ነገር ከሌላው ደንብ ተላላፊ ይለያል። አንደኛ፣ በሽሽቱ ወቅት የሚያደርሰው አደጋ ከመነሻ ጥፋቱ እጅግ የከፋ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሽሽቱ ከተሳካለት የመነሻ ጥፋቱ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። በደጋጋሚ አጥፊዎች ላይ የሚጣለው ቅጣት እንዲከብድ በየአገሩ የሚቀርቡት ሐሳቦች በአብዛኛው የሚነሡት ከመጀመሪያው ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የምናተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው፤ አንድን ሰው «ደጋጋሚ» ብሎ መቅጣት የሚቻለው ያለፈው ጥፋቱ ተመዝግቦ ሲገኝ ብቻ ነውና።

በአገራችን መነሻ የሚሆነው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። በሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት የሌሎችን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው፣ አሽከርካሪን ጨምሮ፣ በቸልተኝነት ሰው ሲገድል ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ሌላ ደረጃ ያስቀምጣል። አጥፊው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን የገደለ፣ ግልጽ የሆነ ደንብን ሆን ብሎ የጣሰ፣ ወይም አልኮል አልያም አደንዛዥ ነገር ወስዶ ራሱን ኃላፊነት ሊሰማው ከማይችልበት ሁኔታ ላይ ያደረሰ እንደሆነ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራትና ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር መቀጮ ነው።

በእነዚህ ሁለት ንዑሳን አንቀጾች መካከል ያለው ርቀት ትኩረት ይሻል። ጠጥቶ ሲያሽከረክር ሰው ገጭቶ የገደለና በስፍራው የቆመ አሽከርካሪ በትንፋሽ ወይም በደም ምርመራ የመጠጡ መጠን ይረጋገጥበታል፤ ስለዚህ በከባዱ ንዑስ አንቀጽ ሊከሰስ ይችላል። ያንኑ ጥፋት ፈጽሞ የሸሸውና በማግስቱ የተያዘው ግን በሰውነቱ ውስጥ የሚለካ አልኮል አይገኝበትም፤ አልኮል በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል። ምስክር ወይም ሌላ ማስረጃ ካልተገኘ ዐቃቤ ሕግ በቀላሉ ንዑስ አንቀጽ ለመክሰስ ሊገደድ ይችላል። እርግጥ በአደጋ ላይ ያለን ሰው ሳይረዱ መተው በአንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ተከሳሹ ከሆነም ድርጊቱ ከብዶ ይታያል። ሁለቱ ክሶች ተጣምረው ሊቀርቡም ይችላሉ። ሆኖም ለአንቀጽ 575 የተቀመጠው ቅጣት በአምስትና በአሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት አጠገብ ሲታይ እጅግ አነስተኛ ነው። አስልቶ ለሚያስብ አጥፊ መሸሽ ከመቆም ርካሽ ሆኖ የሚታይበት ቀዳዳ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የደጋጋሚነት ትርጉም ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 67 ደጋጋሚ ወንጀለኛ የሚለው ቅጣቱን በሙሉ ወይም በከፊል ከፈጸመ ወይም በይቅርታ አልያም በምሕረት ከቀረለት በኋላ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላ ወንጀል አስቦ የፈጸመን ሰው ነው። ደጋጋሚ የተባለ ወንጀለኛ ቅጣቱ በአንቀጽ 188 መሠረት ከብዶ ይወሰናል። ይሁን እንጂ በአሽከርካሪዎች ላይ የሚቀርበው አብዛኛው ክስ የቸልተኝነት ክስ ነው። በመሆኑም አንድ አሽከርካሪ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ቢያጠፋ እንኳ ኅብረተሰቡ ደጋጋሚ ይለዋል እንጂ በአንቀጽ 67 ትርጉም ደጋጋሚ አይሆንም። መሸሽ ግን በቸልተኝነት የሚፈጸም አይደለም፤ አሽከርካሪው አውቆና መርጦ የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ሽሽትን ራሱን የቻለና ጠንከር ያለ ቅጣት ያለው ወንጀል ማድረግ ደጋጋሚውን በትክክል ለመለየት ከቸልተኝነት ክስ ይልቅ የተሻለ መሠረት ይሰጣል ብለን እናምናለን።

ከወንጀል ሕጉ በታች ያለው የአስተዳደር ቅጣት ነው። በደንብ ቁጥር 208/2003 የተዘረጋው የጥፋት ነጥብ አመዘጋገብ ጥፋት በተደጋገመ ቁጥር ነጥቡ እየተደመረ መንጃ ፈቃድን እስከ ማሳገድና ማሰረዝ የሚያደርስ ነው፤ በደንብ ቁጥር 557/2016 ደግሞ የገንዘብ ቅጣቱ ከፍ እንዲል ተደርጓል። የነጥብ አሠራር በባሕርይው ደጋጋሚውን ለመለየት የታሰበ ነው፤ ገንዘብ ለሁሉም እኩል አይከብድም፣ የመንጃ ፈቃድ እገዳ ግን ባለ ሀብቱንም ተቀጣሪውንም ከመሪው ያወርዳል። ችግሩ ነጥብ የሚመዘገበው በተያዘ ሰው ላይ ብቻ መሆኑ ነው። በአንዱ ክልል የተመዘገበ ጥፋት በሌላው ክልል ባለ ተቆጣጣሪ እጅ ወዲያው የማይታይ ከሆነም ደጋጋሚው በየደረሰበት እንደ አዲስ አጥፊ ይቆጠራል።

ከሌሎች አገራት ልምድ ለዚህ ጉዳይ በጣም የሚቀርበው የኒውዚላንድ ነው። የአገሪቱ ፖሊስ የመኪና ማሳደድ በራሱ ሕይወት እየቀጠፈ በመሆኑ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ገደማ መመሪያውን አጥብቆ ማሳደድ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች አጠበበ። ከዚያ በኋላ ትዕዛዝ ጥሰው የሚሸሹ አሽከርካሪዎች ቁጥር ጨመረ፤ በ2015 ዓ.ም. መመሪያው እንደገና እንዲላላ ተደረገ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የአገሪቱ ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሸሽ አሽከርካሪ መንጃ ፈቃዱን የሚነጠቅበትን ጊዜ አራዘመ። ፍርድ ቤት ተሽከርካሪውን ጨርሶ መውረስ እንዲችል ሥልጣን ሰጠ፤ የሸሸውን አሽከርካሪ ማንነት ለመናገር ፈቃደኛ ያልሆነ ባለቤት ተሽከርካሪም ለ28 ቀናት ሊያዝ እንደሚችል ደነገገ። ትኩረት የሚስበው የመጨረሻው ድንጋጌ ነው። ፖሊስ በሕዝብ መካከል እየበረረ ሸሺውን እንዲያሳድድ ከማድረግ ይልቅ በሰሌዳ ቁጥሩ ወደ ባለቤቱ ቤት እንዲሄድ ያስችለዋል።

እንግሊዝም ከላይ ያየነውን የመጠጥ ቀዳዳ በከፊል ዘግታለች። በዚያ አገር ሕግ በጥንቃቄ ጉድለት ሰው የገደለ አሽከርካሪ በ18 ሰዓት ውስጥ የትንፋሽ፣ የደም ወይም የሽንት ናሙና እንዲሰጥ ተጠይቆ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለ ሰክሮ እንደገደለ ሰው በአንድ ድንጋጌ ይጠየቃል፤ ከሰኔ 2014 ዓ.ም. ወዲህ የዚህ ጥፋት ከፍተኛ ቅጣት ከ14 ዓመት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ከፍ ብሏል። በዚህ መንገድ ማስረጃን መሸሽ ለአጥፊው ትርፍ እንዳያስገኝ ተሞክሯል። ከ18 ሰዓት በላይ ተደብቆ የቆየውን ግን ይህም ድንጋጌ አይደርስበትም።

የኒውዚላንድን መንገድ እንዳለ ወደ አገራችን ማምጣት ግን አንድ ትልቅ እንቅፋት አለበት፤ ብዙ ተገልጋዮችን በቀጥታ ስለሚነካ ዘርዘር አድርጎ ማየቱ ይጠቅማል። በአገራችን ተሽከርካሪ በውክልና ብቻ የሚሸጥበት ልማድ ተስፋፍቷል። ሻጭ ገንዘቡን ተቀብሎ ቁልፉን ያስረክባል፤ ገዥ የስም ዝውውር ክፍያንና እንግልትን ሽሽት ሊብሬውን በሻጩ ስም እንዳለ ይይዘዋል። አንዳንድ ተሽከርካሪ በዚህ ሁኔታ ሦስትና አራት እጅ ያልፋል። እንዲህ ያለ መኪና ሰው ገጭቶ ቢሰወር ፖሊስ በሰሌዳ ቁጥሩ ተመርቶ የሚያንኳኳው ከዓመታት በፊት መኪናውን የሸጠውን ሰው በር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ደግሞ የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናውን ያሽከረከረው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ መኪናው በወቅቱ ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ከቻለ ግን ነጻ ይወጣል። «ሸጬዋለሁ» የሚል ሻጭ በመዝገብ ላይ የሚገኘው የእርሱ ስም ከሆነ ራሱን ለማስረዳት የሚገጥመውን ድካም መገመት አያዳግትም። የባለቤትን ኃላፊነት የሚያጠብቅ ሕግ ከመውጣቱ በፊት መዝገቡ እውነተኛውን ባለቤት የሚያሳይ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ቅጣቱ የሚያርፈው በንጹሕ ሰው ላይ ይሆናል። ተሽከርካሪ የሸጣችሁ ተገልጋዮች ሕጉ እስኪጠብቅ ሳትጠብቁ የስም ዝውውሩ መፈጸሙን አረጋግጡ፤ የውል ሰነዳችሁን ቅጂና የተረከበውን ሰው ማንነት የሚገልጽ ማስረጃም አስቀምጡ።

ከአደጋ ስፍራ የሚሸሹት ሁሉ ጥፋታቸውን ለመደበቅ ብቻ የሚሸሹ አለመሆናቸውም ሊታወቅ ይገባል። በስፍራው የተሰበሰበውን ሰው ቁጣ ፈርቶ የሚሄድ አሽከርካሪ አለ። ፍርሃቱ እውነተኛ ከሆነ ሊሄድ የሚገባው በቀጥታ በአቅራቢያው ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ እየሄደም በ991 ለፖሊስ፣ በ907 ለአምቡላንስ መደወል ይችላል። ቅጣትን የሚያከብድ ማንኛውም ድንጋጌ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ለፖሊስ ያሳወቀውንና መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ መስታወት የሚያስቀይረውን በአንድ ዓይን ማየት የለበትም።

ገጪው ተሽከርካሪ ባይታወቅም ተጎጂው ያለ ድጋፍ አይቀርም። በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ አዋጁ ሲወጣ ለዚህ የተቀመጠው ጣሪያ 2 ሺህ ብር ነበር። ተሽከርካሪው ተሰውሮ ማንነቱ ሳይታወቅ ሲቀር ወይም መድን የሌለው ሆኖ ሲገኝ ለአካል ጉዳትና ለሞት የሚከፈለው ካሣ ከመድን ፈንዱ ይሸፈናል፤ ፈንዱን የሚያስተዳድረው የመንገድ ደኅንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ጥያቄው በማስረጃ መደገፍ ስላለበት ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ አደጋውን ሳይዘገዩ ለፖሊስ ያስመዝግቡ፤ የሕክምና ማስረጃና ደረሰኞችንም አንድ ላይ ያስቀምጡ። በስፍራው የነበሩ ሰዎች የሰሌዳውን ቁጥር፣ ሙሉውን ባያገኙ እንኳ ያዩትን ያህል፣ የመኪናውን ዓይነትና ቀለም፣ የሄደበትን አቅጣጫና ሰዓቱን ጽፈው ለመርማሪው ይስጡ።