ሽቱ ከመግዛት በፊት



በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በለቡ ሰፈር ካለ አንድ ሱቅ ገብተን፥ የዑድና የቆዳ የተባለውን ውድ ሽቱ በእጃችን አንጓ ላይ አስነክተን መረመርን። በመጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ሽታ ነበረው፤ ነጋዴውም በዚያው ጊዜ እንድንገዛ አጥብቆ ለመነን። እኛ ግን ሳንገዛ ወደ ቤታችን ሄድን። ከሁለት ሰዓት በኋላ የሎሚው ሽታ ጠፍቶ በወይራ ጢስ የታጠነ ቁርበት የመሰለ ከባድ ሽታ ተተካ፤ እስከ ማታም አልለቀቀንም። ይኸውም ቀላሉ ቅመም ቶሎ ስለሚተን፥ ዑዱና ቆዳው ግን ዘግይቶ ስለሚገለጥ ነው።

ዑድ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚበቅል ዛፍ ሻጋታ ሲይዘው የሚያወጣው ሙጫ ነው። እውነተኛው ጥቂት ስለ ሆነ፥ በብዙ ብልቃጥ ያለው በቤተ ሙከራ የተቀመመ ነው። የቆዳውም ሽታ ከቆዳ አይወጣም፤ ከዛፍ ቅጥራንና ከልዩ ልዩ ቅመም ይሠራል። በቀድሞ ዘመን፥ በከብት ቀንድ ታሽጎ ወደ ፈረንሳይ ይላክ የነበረው የአገራችን ዝባድም ይገባበት ነበር።

ስለዚህ የቤት ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሽቱው በገላ ላይ ይዋል፤ ባልና ሚስትም ይመካከሩበት። በቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ፈጽሞ መተው ይሻላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ሽቱ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።