የሰዋስው ትምህርት ቤትና የአንድ ቤት ልጆች

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ የምንጽፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከቤታችንና ከሰፈራችን የተገኘ ነው። ዛሬ ግን ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረን ስለ አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት እንነጋገራለን። አገሩ ሩቅ ቢሆንም፥ ልጁን ለፈተና አሰናድቶ የላከ ወላጅ ሁሉ የሚያውቀው ጭንቀት በውስጡ ስላለ፥ ለአንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ዘመኑን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እንግሊዞች ይህን ትምህርት ቤት «ግራመር ስኩል» ይሉታል፤ የሰዋስው ትምህርት ቤት ማለት ነው። ስሙ የወጣለት ጥንት የላቲን ሰዋስው ይማሩበት ስለ ነበረ ነው። በእኛ አገር የቤተ ክህነት ተማሪ ያለ ግዕዝ ወደ መጻሕፍቱ ምሥጢር እንደማይገባ ሁሉ፥ በአውሮፓም ላቲን ላላወቀ ሰው የክህነቱና የሕክምናው የሕጉም በር ጠባብ ነበር። ሰዋስው በግዕዝ ሁለት ትርጉም አለው፤ የቋንቋ ሥርዓት ማለት ነው፥ መሰላልም ማለት ነው። ሁለተኛው ትርጉም ለእንግሊዞቹም ትምህርት ቤት ይስማማዋል፤ የአነስተኛ ሰው ልጅ ከፍ ወዳለ ማዕርግ የሚወጣበት መሰላል ሆኖ ኖሯልና።

ለምሳሌ ያህል በኤቮን ወንዝ ዳር በስትራትፎርድ ከተማ ያለውን እንመልከት። በዚያች ከተማ ስለ ትምህርት ቤት መምህር የሚናገረው ጥንታዊ ጽሑፍ የ1295 ነው። ከዚያም በኋላ የከተማዪቱ ሰዎች የቅዱስ መስቀል ማኅበር የሚባል ማኅበር ነበራቸውና፥ ትምህርት ቤቱን የሚረዳው እርሱ ነበር። ማኅበሩ በመንግሥት ትእዛዝ በ1547 በተዘጋ ጊዜ ትምህርት ቤቱም ሊጠፋ ተቃርቦ ሳለ፥ በ1553 ንጉሥ ኤድዋርድ ስድስተኛ በደብዳቤው አጸናው። ንጉሡ ያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ ይህንም ካደረገ በኋላ ብዙ ቀን ሳይቆይ ሞተ። ለመምህሩ በዓመት 20 ፓውንድና የሚኖርበት ቤት ተወሰነለት፤ የከተማዪቱም ወንዶች ልጆች ያለ ክፍያ እንዲማሩ ሆነ።

በ1564 በዚያች ከተማ የተወለደው ዊልያም ሼክስፒር የተማረው በዚህ ትምህርት ቤት እንደ ሆነ፥ የዘመኑ የተማሪዎች መዝገብ ባይገኝም፥ ሊቃውንቱ ያምናሉ። አባቱ ቆዳ እያለፋ ጓንት የሚሠራ ሰው ነበር፤ በእጁ ስሙን በመጻፍ ፈንታም ምልክት ያደርግ ነበር። እንዲህ ያለው አባት ልጁ የዓለም ባለቅኔ ሲሆን መሰላሉ ምን ያህል እንደ ረዘመ ማየት ይቻላል።

የዚያ ዘመን ተማሪ ኑሮ ግን ቀላል አልነበረም። ልጁ አስቀድሞ ፊደል ይቈጥራል፤ ፊደሉና አቡነ ዘበሰማያት የተጻፈበት ወረቀት በእንጨት ገበታ ላይ ተለጥፎ፥ እጅ እንዳያበላሸው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቀንድ ይለበስበታል። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ሰዋስው ትምህርት ቤት ይገባል። ሌሊቱ በሚያጥርበት ወራት በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ በ12 ሰዓት፥ ቀኑ በሚያጥርበት ወራት በ1 ሰዓት ይጀምርና፥ ለምሳ ብቻ ወጥቶ እስከ 11 ሰዓት በወንበሩ ላይ ይውላል። የላባ ብዕሩን ራሱ ይቀርጻል፤ ትምህርቱን በቃሉ ያጠናል፤ ከፍ ሲልም ከጓደኞቹ ጋር በላቲን እንዲነጋገር ይገደዳል። የተሳሳተውንና የሰነፈውን አርጩሜ ይጠብቀዋል። ሴት ልጅ ግን በደጃፉ አትገባም ነበር።

እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች በየከተማው በዙ፤ ብዙዎቹም እያደር ገንዘብ የሚከፈልባቸው ሆኑ። በ1944 ግን በትለር የሚባሉት ሚኒስትር ያቀረቡት የትምህርት ሕግ በመንግሥት በሚረዱት ትምህርት ቤቶች ክፍያውን አስቀረ። ከእንግዲህ ወዲህ የሚገባው የከፈለ ሳይሆን የተፈተነ ሆነ። ልጆች በ10 ወይም በ11 ዓመታቸው በቋንቋ፥ በሒሳብና በማስተዋል ጥያቄ ይፈተናሉ፤ ከአራት ወይም ከአምስት ልጆች አንዱ ያህል ወደ ሰዋስው ትምህርት ቤት ያልፋል፤ የቀሩት አብዛኞቹ «ዘመናዊ ሁለተኛ ደረጃ» ወደ ተባለው ይላካሉ። ያለፈው ላቲንና ሳይንስ ተምሮ እስከ 18 ዓመቱ ይቆይና ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ ይችላል። ያላለፈው ግን ብዙውን ጊዜ በ15 ዓመቱ ያለ ምስክር ወረቀት ወደ ሥራ ይሰማራ ነበር።

ለቤተ ሰብ ዐምዳችን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች ልጆች አሉ እንበል። ብዙ የእንግሊዝ ወላጆች ልጃቸው ፈተናውን ቢያልፍ ብስክሌት እንገዛልሃለን ብለው ተስፋ ይሰጡ ነበር። ታላቁ አለፈ፤ ብስክሌቱም ተገዛለት፤ የትምህርት ቤቱንም ኮት ለብሶ፥ ምልክት ያለበትን ቆብ ደፍቶ ወጣ። በዓመቱ ታናሹ ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ከአንድ ደጃፍ ወጥተው በሁለት መንገድ ይሄዳሉ፤ መንገደኛውም ማን ዐዋቂ ማን ሰነፍ እንደ ሆነ ከልብሳቸው ያነባል። ታናሹ ያጣው ብስክሌቱን ብቻ አይደለም፤ በ11 ዓመቱ «አልችልም» የሚለውን ቃል ተማረ። ይህ ቃል አንድ ጊዜ በልብ ከገባ፥ ጸጕር እስኪሸብት ድረስ የሚቀመጥ ነው።

ፈተናውም ራሱ የልጁን ችሎታ ብቻ የሚለካ አልነበረም። ባንዱ አውራጃ የሰዋስው ትምህርት ቤት በብዛት ይገኛል፥ በሌላው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ባንዱ አገር የሚያልፍ ልጅ በሌላው ይወድቅ ነበር። ለሴቶች ልጆች የተሰናዳው ስፍራ ባነሰበት ቦታም፥ ሴቲቱ ከወንዱ የበለጠ ነጥብ ካላገኘች አትገባም ነበር። በ13 ዓመት እንደ ገና ተፈትኖ ለመዛወር ቢፈቀድም፥ የተዛወሩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ይህን ያዩ ወላጆችና መምህራን ስላጕረመረሙ፥ መንግሥት በ1965 ልጆች ሁሉ ሳይለዩ በአንድነት የሚማሩበትን ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ አውራጃዎቹን ጠየቀ። በ1998 የወጣው ሕግም ዐዲስ የሰዋስው ትምህርት ቤት እንዳይከፈት ከለከለ። ዛሬ በእንግሊዝ አገር የቀሩት 163 ናቸው። ደጋፊዎቻቸው ብልህ የሆነውን የድኻ ልጅ ያወጣሉ ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ሀብታሙ ለልጁ አስጠኚ ቀጥሮ ስፍራውን ይወስደዋል ይላሉ። ሁለቱም ያዩትን ይናገራሉ፤ መሰላሉ በእውነት መሰላል ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ የሚቆመው ልጅ ሁሉ እኩል አይደለም።

የስትራትፎርዱ ትምህርት ቤት ዛሬም በፈተና ይቀበላል። ተማሪው ኮትና ክራቫት አድርጎ ይመጣል፤ ከትምህርቱም ጋር ራግቢና ክሪኬት ይጫወታል። ከ2013 ጀምሮም በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ሴቶች ልጆች ይማሩበታል፤ አራት መቶ ስድሳ ዓመት ተዘግቶባቸው የኖረ ደጅ ተከፈተላቸው።

እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ፈተና በእኛም አገር አለ፤ ወደ ፊትም ይኖራል። ልጅን ለፈተና ማትጋት መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ፍቅርን የፈተና ዋጋ ማድረግ አይገባም። ስጦታ ለመስጠት ያሰበ ውጤቱ ሳይመጣ ስለ ድካሙ ይስጥ። የወደቀውን ልጅ ባለፈው ወንድሙ ፊት አይንቀፈው፤ ያለፈውንም በወደቀው ፊት አብዝቶ አያመስግነው። ውጤቱ በመጣበት ማታ ሁለቱንም በአንድ ማዕድ አስቀምጦ እኩል ያጕርሳቸው። መሰላሉን የሚያቆመው መንግሥት ነው፤ ከመሰላሉ የወደቀውን ልጅ የሚያነሣው ግን ቤቱ ነው።