ዲቫይደሩ ላይ የታተሙት ሁለት ፊደሎች

መርካቶ ዲቫይደር የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ «ስንት ነው?» እና «ኦሪጅናል ነው?»። ለሁለተኛው ጥያቄ ሻጩ ዕቃውን ገልበጥ አድርጎ ከጀርባው የታተሙትን ፊደሎች ያሳየዋል፤ «ሲ» እና «ኢ»። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ዋጋ ብቻ ነው።

ገዢው እነዚህን ፊደሎች «አውሮፓ ፈትሾ አሳልፎታል» ብሎ ያነባቸዋል። ስህተት ነው። በአብዛኛው የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ምልክቱን የሚያትመው ፋብሪካው ራሱ ነው። «ዕቃዬ የአውሮፓ ኅብረትን የደኅንነት ሕግ ያሟላል» የሚል የአምራቹ የራሱ ቃል ነው። የቤት ውስጥ ዕቃዎችን ኤሌክትሪክ የሚመለከተው የኅብረቱ መመሪያ (እ.ኤ.አ. 2014) ሌላ ገለልተኛ ወገን እንዲፈትሽ አያስገድድም።

(«ፊደሎቹ ከተጠጋጉ ቻይና ኤክስፖርት ማለት ነው» የሚለው በየግሩፑ የሚዞር መልእክትም ተረት ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እንዲህ ያለ ምልክት እንደማያውቅ መልስ ሰጥቶበታል። የተጠጋጋው ያው ሲኢ ነው፤ በትክክል አልታተመም እንጂ።)

ታዲያ የአምራቹ ቃል አውሮፓ ውስጥ ለምን ይታመናል? ከጀርባው ተጠያቂ ስላለ ነው። አምራቹ የቴክኒክ ሰነዱን ለ10 ዓመት ማስቀመጥ አለበት። ተቆጣጣሪዎች ከሱቅ መደርደሪያ ዕቃ አንስተው ይፈትሻሉ። አደገኛ ሆኖ የተገኘው ዕቃ ከነፎቶው በይፋ ይወጣል። ምልክቱ ድንበር ሲሻገር ግን ይህ ሁሉ አብሮት አይመጣም፤ የሚመጡት ፊደሎቹ ብቻ ናቸው።

ነገሩን የወረቀት ጉዳይ አድርጎ የሚያይ ካለ የራሱን ቤት ይቁጠር። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። ዲቫይደሩ ላይ «16 አምፔር» ተጽፎ ይሆናል፤ ፕላስቲኩ ሲከፈት ግን ቀጭን ሽቦ፣ አንዳንዴም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ይገኛል። በአንድ ሽቦ ላይ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ምጣድ ሲሆን ቢያንስ ጋጋሪዋ አጠገቡ አለች፤ ሽታው ሲመጣ ትነቅለዋለች። የኤሌክትሪክ መኪናስ? መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መኪናውን ግቢው ውስጥ ቻርጅ የሚያደርገው ሰው በዝቷል። ገመዱ በመስኮት ወጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ይሞቃል፤ ቤተሰቡ ተኝቷል።

ተቋም ጠፍቶ አይደለም። ደረጃ የሚያወጣ ኢንስቲትዩት አለ፤ የሚፈትሽ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለ፤ የሚቆጣጠር የንግድ ሚኒስቴር አለ። ነገር ግን መግቢያ ላይ የሚቀርብ ሰርተፍኬት የሚናገረው ስለ ተፈተሸችው ናሙና ነው። ስለ ቀጣዩ ኮንቴይነር ምንም አይልም፤ በኮንትሮባንድ ስለሚገባው ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ ቁጥጥሩ መጀመር ያለበት ከሱቁ መደርደሪያ ነው። ተቆጣጣሪው እንደማንኛውም ደንበኛ ከፍሎ ይግዛ፤ ላቦራቶሪ ያስገባ፤ የወደቀውን ዕቃ ከነብራንዱ፣ ከነአስመጪው ስምና ከነፎቶው በይፋ ይለጥፍ። «ጥራታቸውን ያልጠበቁ ምርቶች ተወገዱ» የሚል ዜና ብቻውን ለገዢው ምን ይጠቅመዋል? የትኛውን ሶኬት ከግድግዳው ይንቀል?

«ዋጋ ይጨምራል፣ ደሃውን ይጎዳል» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ዋጋው መጨመሩ አይቀርም። ሆኖም ዛሬ የሚቀጣው እውነተኛ መዳብ የሚያስመጣው ነጋዴ ነው። ጎረቤቱ በግማሽ ዋጋ ተመሳሳይ መልክ ያለው ዕቃ ይሸጣል፤ ገዢው ልዩነቱን በዓይኑ ማየት አይችልም። ደሃውም ቢሆን በየጥቂት ወሩ የቀለጠ ዲቫይደር እየጣለ ሌላ ይገዛል፤ ያውም ቤቱ ከተረፈ።

እስከዚያው ገመዱን በሜትር ገዝቶ ኤክስቴንሽን የሚያሠራ ሰው ሁለቱን ፊደሎች ትቶ የሽቦውን ውፍረት ይጠይቅ። ለምጣድና ለመኪና ከ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ያነሰ አይቀበል፤ ረጅም ከሆነ 2.5 ይሻላል። ቁጥሩም ያው ህትመት ስለሆነ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ያድርገው። ከሥሩ ነጭ ብረት ከታየ መዳቡ ቅብ ነው።