ስምንት ኩንታል ሩዝና አንድ ላፕቶፕ

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ አጎቴ ከወረታ ደወለልኝ። «ሩዙ ተወቅቷል፤ በይ እንግዲህ ለእህትሽ ኮምፒውተር ፈልጊላት» አለኝ። «እህትሽ» ያላት የመጨረሻ ልጁን ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። ፎገራ ሜዳ ላይ ካመረተው ሩዝ ስምንት ኩንታል ሳይፈተግ ለይቶ አስቀምጦላታል። እርስዎ ከደመወዝዎ ቆጥበው ይግዙት ወይም ዕቁብ ወጥቶልዎት፣ ጭንቀቱ ያው ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል፤ ተሳስቶ ገዝቶ ሌላ የሚደግም ቤት ጥቂት ነው።

«ስልኳ አይበቃትም ወይ?» ብሎም ጠይቆኝ ነበር። አይበቃትም። ከ2015 ጀምሮ ማንኛውም ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን የሚወስደው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ወዲህ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። በሁለት አውራ ጣት ብቻ መጻፍ የለመደ ልጅ ከኪቦርድ ጋር ለመላመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፈተናው ደጃፍ ላይ ሲደርስ አያገኘውም።

እኔ በተራዬ «ምን ልታጠና ነው?» አልኩት። «ገና አልተመደበችም» አለኝ። ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው ይህን ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የጋራ ኮርሶች ነው የሚወስደው፤ የትምህርት ክፍሉን የሚያውቀው በኋላ ነው። ልጅዎ «ኢንጂነር ነኝ» እያለ የግራፊክስ ካርድ ያለው ውድ ማሽን ቢያስገዛዎት፣ ምደባው አካውንቲንግ ሊሆን ይችላል። ለአካውንቲንግ ኤክሴልና ፒችትሪ የሚያሠራ ይበቃል። ነርሲንግ ወይም ሕግ ከሆነ የሚነበበው ፒዲኤፍ ነው፤ የስክሪኑ ጥራት ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት በላይ ያገለግላል። አውቶካድና አርክጂአይኤስ የሚጠቀም ግን 8 ጊጋ ራም ያስለቅሰዋል፤ 16 ያስፈልገዋል። ስለዚህ መፍትሔው ዛሬ መካከለኛውን ገዝቶ፣ ነገ ራም የሚጨመርበትን መምረጥ ነው። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ራማቸው ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ አይጨመርም። ይህን ሳይከፍሉ ይጠይቁ።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት። ከሁለት ዓመት በፊት ለወንድሜ ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛሁት እኔው ነኝ። «ኮር አይ7» የሚል ተለጣፊ አየሁ፤ ቀፎው ያብረቀርቃል፤ ባለሱቁም ምላሱ ቅቤ ነበር። ልጁ ዶርም ገብቶ መብራት በጠፋ በመጀመሪያው ማታ ባትሪው አርባ ደቂቃ እንኳ አልቆየለትም። የቡድን ሥራውን ሳያስረክብ አደረ። እስካሁን ሲያየኝ ይስቃል፤ እኔ ግን አልስቅም።

ይህን ለአጎቴ ስነግረው «ላም ስትገዢ ቀንዷን አይተሽ ብር ትቆጥሪያለሽ?» አለኝ። የፎገራ ላም አገር ሰው ስለሆነ ጡቷን፣ ጥርሷንና አካሄዷን ሳያይ አይገዛም። እውነቱን ነው፤ የላፕቶፕም ጥርስ አለው።

አንደኛው ጥርስ ጄኔሬሽኑ ነው። ከኮር አይ5 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፤ 8250 ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽን ነው፤ 1135 ከሆነ 11ኛ። «አይ7» መባሉ ብቻውን ምንም አይደለም። በስስ ላፕቶፖች ላይ የ6ኛ ጄኔሬሽን አይ7 ሁለት ኮር ሲኖረው፣ የ8ኛው አይ5 አራት አለው። ሌላም ምክንያት አለ፦ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11ን በደንቡ የሚቀበሉት ደግሞ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉት ናቸው። ርካሽ የሆነው 6ኛና 7ኛ ገበያውን ያጥለቀለቀው አለምክንያት አይደለም፤ ውጭ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶች እየጣሉት ነው።

ሁለተኛው ባትሪው ነው፤ ለእኛ አገር ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ባለሱቁን «አውጣልኝ» ይበሉት። ሪፖርቱ ላይ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውና አሁን ሞልቶ የሚይዘው ጎን ለጎን ይታያል። ግማሽ ከደረሰ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከመግዣው ላይ ይቀንሱ ወይም ይተዉት። «ሪፖርት ምን ያደርጋል፣ እኔ አለሁልዎት» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።

የቀረው ፈጥኖ ያልቃል። ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን፤ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ከአንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ ይፈጥናል፣ በአውቶቡስ ንቅናቄም ቶሎ አይጎዳም። እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲውድና ኤችፒ ኤሊትቡክ ያሉ ለቢሮ የተሠሩ ማሽኖች መልካቸው ደረቅ ቢሆንም ኪቦርዳቸው ጠንካራ ነው፤ ጠጋኝም ያውቃቸዋል። ኪቦርዱን አንድ በአንድ ይጫኑት፤ ካሜራውን፣ ዋይፋዩን፣ የቻርጀሩን ቀዳዳ ይሞክሩ። ዋስትናውን በቃል ሳይሆን በደረሰኝ ላይ ያጽፉ። በአማርኛ ለሚጽፍ ልጅም ከመጀመሪያው የዩኒኮድ ፊደል ይጫንለት፤ በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ደርሶ ትርጉም የለሽ ምልክት ሲሆን አይቻለሁ።

ለእህቴ ያገለገለ ቲንክፓድ ገዛሁላት፦ 8ኛ ጄኔሬሽን፣ አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ አንድ የራም መጨመሪያ ቦታ ባዶ። ባትሪው ሲመረት ከሚይዘው አምስት እጅ አራቱን ይይዛል። ወረታ ሲደርስ አጎቴ ገልብጦ ገልብጦ አየውና «ጥቁር ነው፣ አያምርም» አለ። ከስምንቱ ኩንታል አንዱ ተርፎ ነበር፤ እንሽጠው ስለው እምቢ አለ። ምደባዋ እስኪታወቅ ጎተራ ይቆይ ብሏል፤ ምናልባት ራሙን ይገዛል።