ሚሌ ላይ ጥብስ ስታዝዙ ጎመንም ጠይቁ

«ዶክተር፣ አትክልትና ፍራፍሬ ካንሰር ይከላከላል የሚባለው እውነት ነው?» ትሉኛላችሁ። ስጋቱን ይቀንሳል፤ ዋስትና ግን አይደለም።

ይህን ስጽፍ በዋናነት የማስበው የጅቡቲ መስመር ሹፌሮችን ነው። ሚሌ ከኮምቦልቻ በባቲ የሚወርደው መንገድ ከአዋሹ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። እዚያ የሚያርፍ ብዙ ሰው ምሳው ጥብስ፣ መጠጡ ለስላሳ ነው፤ ከዚያ ተመልሶ መሪ ላይ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። በውስጣቸው ያለው ፋይበር (አሰር) ሰገራ አንጀት ውስጥ ሳይቆይ እንዲወጣ ይረዳል፤ ፋይበር አዘውትሮ የሚበላ ሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር ስጋቱ ዝቅ ይላል። ቀይ ሥጋ ሲበዛ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጥብስ ተዉ አላልኩም!

«በዚያ ሙቀት ሰላጣ ማን ያምናል?» ካላችሁ ልክ ናችሁ። በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ ታይፎይድ አለ። ስለዚህ የበሰለ ጎመን፣ ምስር ወጥ፣ ተልጦ የሚበላ ብርቱካንና ሙዝ ይሻላል። ስኳር ከሚጨመርበት ጭማቂ ፍሬውን እመርጣለሁ። (በየዓይነቱን ለጾም ቀን ብቻ ያደረገው ማን ነው?) የምግብ ቤት ባለቤቶችም ጎመኑን ሳንጠይቅ ከጥብሱ ጋር ብታቀርቡልን ምን አለ?

ሲጋራ እያጨሰ «ብርቱካን እበላለሁ» ብሎ የሚጽናና ወንድሜ ግን ራሱን እያታለለ ነው፤ አይካካስም።

ሰገራው ላይ ደም ያየ ወይም ምግብ አልዋጥ ያለው ሰው ደግሞ ፍራፍሬ እየበላ አይጠብቅ። ጭነቱን እንዳራገፈ ሐኪም ጋ ይሂድ።